የቀኙ አንበሳና የግራው አንበሳ

በሲያትል ደቡባዊ ክፍል፣ በሬይኒየር ሸለቆ ባለ አንድ ቤት ደጃፍ፣ ከኮንክሪት የተሠሩ ሁለት አንበሶች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። በአንድ ቀን የተገዙ፣ ከአንድ ቅርጽ የወጡ፣ አንድ ዝናብ የወረደባቸው መንታዎች ናቸው። ዛሬ ግን የቀኙ የድንጋይ ሽበት ከማብቀሉ በስተቀር ሙሉ ሲሆን፣ የግራው ፊቱ እየተላጠ፣ የፊት እግሩም ተሰንጥቆ ይታያል። የሚያስገርመው፣ የተለየ ጥበቃ የተደረገለት የግራው መሆኑ ነው።

የቤቱ አባወራ በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ ሁለቱንም በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ያጥቧቸው ነበር። ጤናቸው ሲታወክ ግን ይህን ሥራ ለባለቤታቸው ላለማውረስ አሰቡና ውኃ የማያስገባ ወፍራም ነጭ ቀለም ገዙ። የግራውን ቀብተው ጨረሱ፤ ወደ ቀኙ ሳይደርሱ ሆስፒታል ገቡ፤ ከዚያም አልተመለሱም። ከሁለት ክረምት በኋላ ቀለሙ አበጠ፤ ቀጥሎም ከሥሩ ያለውን ኮንክሪት ይዞ ይረግፍ ጀመር።

ምክንያቱን ለመረዳት የከተማዋን ዝናብ ማወቅ ያስፈልጋል። የሲያትል ዝናብ ከመጠኑ ይልቅ ስሙ ይገዝፋል። በዓመት የሚወርደው 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ የበለጠ ታገኛለች። ልዩነቱ በአወራረዱ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያልፍና የበጋው ፀሐይ ድንጋዩን ያደርቀዋል። በሲያትል በአንጻሩ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ሆነው፣ ከጥቅምት እስከ ጸደይ ቀጭን ዝናብ ያካፋል፤ ኮንክሪትም ውኃ እንደጠጣ ይከርማል። በመካከሉ ጥቂት የውርጭ ሌሊቶች ይመጣሉ። ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ የታቆረው እርጥበት ኮንክሪቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

እንግዲህ ዋናው ጠላት የውኃው መግባት ሳይሆን መውጫ ማጣቱ ነው። ጠንቃቃ ተመራማሪ ከሁለት አንበሶች ብቻ ሕግ ማውጣት አይቻልም ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ እውነቱን ነው። በመካከላቸው ሌላም ልዩነት አለ፤ የቀኙ በንጣፍ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ የግራው የተቀመጠው በባዶ አፈር ላይ ነው። ይሁንና ይህ ልዩነት ማብራሪያውን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ከአፈሩ በእግሮቹ በኩል የሚሳበው እርጥበት በገላው በኩል ተንፍሶ እንዳይወጣ ቀለሙ አፍኖታል።

የዚህ ስሕተት ታላቅ ምሳሌ የሚገኘው በጎንደር ነው። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች የቆሙት በድንጋይና በኖራ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተደረገው ጥገና ግን ሲሚንቶና ብረት ያለበት ኮንክሪት ተጠቅሟል፤ የኋላ ጠጋኞች ያንን እያነሡ ወደ ኖራ መመለስ ነበረባቸው። ኖራ ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ የሚያረጅ ነገር ሲኖርም ቀድሞ የሚያረጀው እርሱ ነው። ያረጀ ኖራ በቀላሉ ይተካል፤ የፈረሰ ጥርብ ድንጋይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም። ጥገና ከሚጠገነው ነገር ከጠነከረ፣ ጉዳቱን የሚሸከመው ዋናው አካል ይሆናል።

ሲያትል ሌላም መፍትሔ ታውቃለች። በቮለንቲር ፓርክ፣ በእስያ ጥበብ ሙዚየም በር ላይ ከቻይና የመጡ ጥንታዊ የእብነ በረድ ግመሎች ለብዙ ዓመታት ቆመው ነበር። የአየሩ ጠባይ እየጎዳቸው በመሄዱ ወደ ቤት ውስጥ ገቡ፤ ዛሬ በደጅ ዝናብ የሚመታቸው፣ ሕፃናትም የሚጋልቧቸው ቅጂዎቹ ናቸው። ምትክ ለሌለው ነገር ይህ ተገቢ ውሳኔ ነው። የሬይኒየር ሸለቆ አንበሳ ግን በገበያ ላይ ምትክ አያጣም፤ በመሆኑም ልጃቸው፣ «እማዬ፣ አዲስ እንግዛና ይገላግለን» አላቸው።

በብሔራዊ ሒሳብ አያያዝ ልጁ ትክክል ነው። አዲስ አንበሳ ቢገዛ ወጪው በጥቅል የአገር ውስጥ ምርት ውስጥ ይቆጠራል፤ አባት በየነሐሴው ያፈሰሱት ያልተከፈለበት ጉልበት ግን በዚያ ምርት ውስጥ አይቆጠርም። የእንክብካቤ ፍሬ ያልደረሰ ጉዳት ስለሆነ ለዓይን አይታይም። አባወራውም ቀለሙን የገዙት ሒሳብ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የሚቀራቸው ጊዜ አጭር ሲሆን፣ በየዓመቱ የሚደጋገምን ትንሽ ድካም በአንድ ጊዜ ወጪ መዝጋት ብልህነት መስሏቸው ነበር። የሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ውኃ ጠጥቶ ለሚተፋ ነገር ርካሹ ጥበቃ ያ የሚደጋገመው ትንሽ ድካም ራሱ መሆኑን።

እናት ግን የተጨነቁት ለዋጋው አልነበረም። «የአባትህ የመጨረሻ ሥራ ያለው በዚህ ቀለም ላይ ነው» አሉ። «ከተፋቀማ ምን ቀረ?» አንበሳውን ለማዳን የሟቹን እጅ ሥራ ማጥፋት ያስፈልግ ነበር፤ ቀለሙን ለማቆየት ደግሞ አንበሳውን መተው።

ዘንድሮ በሐምሌ መጨረሻ ፈቀዱ። ልጁ ቀለሙን በእንጨት መፋቂያ ቀስ እያለ አነሣው። በከፍተኛ ግፊት ውኃ የሚረጭ መሣሪያ አልተከራየም፤ የደከመውን ገጽ ይቦረቡረዋልና። አቼቶም አላፈሰሰም፤ አሲድ ሲሚንቶን ይበላልና። አንበሳው ለሳምንታት በፀሐይ ደረቀ። ስንጥቁ ከራሱ ከኮንክሪቱ ባልጠነከረ የአሸዋና የሲሚንቶ ቅልቅል ተሞላ፤ ከእግሮቹ ሥርም እንደ ቀኙ ንጣፍ ድንጋይ ገባ። ውርጭ ሲመጣ ላዩን ብቻ የሚከልል፣ ከታች ነፋስ የሚያስገባ ሽፋን እንዲደረግለት ተወሰነ፤ ጥብቅ ፕላስቲክ ያው ቀለም ነውና።

አገር ቤት ክረምቱ ሲያበቃ የሚብተው መስከረም፣ በሲያትል የዝናቡ ዋዜማ ነው። ስለዚህ ሥራው ከእንቁጣጣሽ በፊት ተጠናቀቀ። ከአንበሳው ጅራት በስተኋላ፣ መዳፍ የምታህል ነጭ ቀለም በእናቲቱ ትእዛዝ ሳትፋቅ ቀርታለች፤ ያን ያህሏ ውኃ አታግድም። ብሩሹም ከበሩ ጀርባ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሶ ተሰቅሏል።