ስለ መዘምራናችንና ስለ ሙዚቃ ጓዳችን

አንባቢ ሆይ፥ ኦርኬስትራ ሲባል በሐሳብህ የሚመጣው ጥቁር ልብስ የለበሰ መቶ ሰው በትልቅ አዳራሽ ተሰልፎ ተቀምጦ እንደ ሆነ፥ እባክህ ቍጥሩን ቀንሰው። የእኛ የሙዚቃ ጓድ በ2017 ዓ. ም. መጀመሪያ ዐሥር ሰው ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ሰባት ቫዮሊን፥ ሁለት ቪዮላና አንድ ሴሎ ነው። ከእኛ ጋራ የሚዘምሩት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሃያ ስድስት ነበሩ። ከሁሉ መካከል እንጀራውን በሙዚቃ የሚበላው መሪያችን ብቻ ነው። የቀረነው ተማሪዎች፥ አንዲት ነርስ፥ አንድ የሒሳብ ሠራተኛና ጡረታ የወጡ አንድ የእንጨት ሥራ መምህር ነን። እኔ ሁለተኛ ቫዮሊን ነኝ። አያቴ «ለመሆኑ አንተ የምትመታው የትኛውን ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ «የማይሰማውን» ብዬ እመልስላታለሁ፤ ምክንያቱም ዜማው በአንደኛው ቫዮሊን ላይ ሲሄድ ሁለተኛው ከሥሩ ሆኖ የሚደግፍ ነው።

በዓመት ሦስት ጊዜ ኮንሰርት እናቀርባለን፤ ለገና፥ ለፋሲካና ክረምት ሊገባ ሲል። ልምምዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ነው። አባቴ የፈቀደልኝ የክፍል ውጤቴ እንዳይቀንስ አስጠንቅቆ ነው፤ እስካሁን አልቀነሰም።

ለገና ያቀረብነው ሃንደል ከደረሰው «መሲሕ» ውስጥ የሃሌ ሉያውን ክፍል ነበር። ይህንን ለማጥናት ሦስት ወር ፈጀብን። ከባዱ ነገር ፍጥነቱ ወይም ከፍታው አልነበረም። መዘምራኑ ፋና ሲ ከሚባሉት ድምፆች ላይ ሲደርሱ ይንሸራተቱ ነበር። ይህም የጆሮ ስንፍና አይደለም። በትዝታ ቅኝት ያሉት ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ የሚባሉት አምስቱ ናቸው፤ ፋና ሲ በውስጡ የሉም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይህን ሲሰማ ያደገ ሰው ፋ ሲባል ወይ ወደ ሚ ይወርዳል ወይ ወደ ሶል ይዘላል። መሪያችን ለብዙ ሳምንት በፒያኖ እየመታ ቢያሰማቸውም አልሆነለትም። አንድ ቅዳሜ ግን ወረቀቱን ሁሉ አስቀመጠና «እስቲ ባቲ ዘምሩልኝ» አለ። ሁሉም እየሳቁ ዘመሩ። ከዚያ በኋላ ያዜሙትን በፒያኖ መትቶ አሳያቸው፤ ዶ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ሲ ነበረ። አቃተን ያሉትን ሁለቱን ድምፆች በሰርግ ቤት ያለ አስተማሪ ሲያዜሟቸው ኖረዋል! ከዚያ ቀን ጀምሮ መንሸራተቱ እየቀነሰ ሄደ።

የእኛ የአውታረኞቹ ችግር ሌላ ነበር። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለ ሆነ የቫዮሊኑ እንጨት ይኰማተራል፤ መቃኛውም ከቀዳዳው ውስጥ እየላላ ይዞራል። አሁን የቃኘኸው አውታር ጸሎት እስኪያልቅ ድረስ ወርዶ ይገኛል። የእንጨት ሥራ መምህሩ መቃኛውን ጠመኔ እንድንቀባው አስተማሩን፤ ረድቶናል። በክረምት ደግሞ እንጨቱ ያብጥና መቃኛው አልዞርም ይላል። አዲስ አውታር የምናገኘው ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ሲገኝ ነው።

ሃንደል ያንን ድርሰት የጻፈው እ. ኤ. አ. በ1741 በ24 ቀን ነው። ለሕዝብ በመጀመሪያ የተሰማው ግን እርሱ በሚኖርባት በለንደን ሳይሆን በደብሊን ከተማ፥ በ1742 ኤፕሪል 13 ቀን ነበር። አዳራሹ ጠባብ ስለ ነበረ ሴቶቹ ቀሚስ የሚነፋውን ቀለበት ሳያደርጉ፥ ወንዶቹም ሰይፍ ሳይታጠቁ እንዲመጡ አስቀድመው ተለመኑ። በዚህም ምክንያት ሰባት መቶ ያህል ሰው ሊገባ ቻለ። (በእኛ አዳራሽ ቦታ የሚያጣብበው ጃንጥላ ነው።) የተገኘው ገንዘብ ለሁለት ሐኪም ቤቶችና በዕዳ ለታሰሩ ሰዎች ተከፈለ፤ 142 እስረኞችም ዕዳቸው ተከፍሎላቸው ከወህኒ ወጡ። መሪያችን ይህን ሲነግረን ከመዘምራኑ አንዷ «እንግዲህ ሃሌ ሉያውን ከልባቸው የሚሉት እነርሱ ናቸው» አለች። እኛም ከገናው ኮንሰርት ያገኘነውን ለሰፈራችን ችግረኛ ልጆች ደብተር ገዛንበት።

በድርሰቱ ውስጥ መለከቶች አሉ። እኛ መለከት ስለሌለን በኪቦርድ ተጫወትነው፤ ነገሩም ከዚህ ተጀመረ። ከኮንሰርቱ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ፥ እጅግ የማከብራቸው ሰው፥ ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፥ ይህ ኪቦርድ እኮ የመለከቱም የቫዮሊኑም የሴሎውም ድምፅ አለው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሠራውን ነገር ዐሥር ሰው ምን ያለፋዋል? ደግሞም ለአውታሩ፥ ለደጋኑ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላ ይሆን ነበር።» «ጋሼ፥ እርስዎ እንዳሉት ገንዘቡስ እውነት ነው» አልኋቸው። ሌላ የምለው አልመጣልኝም፤ ያሉት ሐሰት አልነበረምና።

የካቲት ላይ ሴሎ የምትጫወተው ልጅ እናቷ ወዳሉበት ወደ ካናዳ ሄደች። ሴሎው የቤተ ክርስቲያኑ ስለ ነበረ በጨርቅ ተሸፍኖ ከጥግ ቀረ። የፋሲካውን ኮንሰርት እንተወው የሚሉም ነበሩ፤ በመጨረሻ ግን የእርሷን ክፍል በኪቦርድ አቀረብነው። በእውነት ለመናገር ኪቦርዱ ከእርሷ ይልቅ ጥቂት ተሳሳተ። ከቅኝት አልወጣም፤ አልዘገየምም። ነገር ግን መዘምራኑ ረዥም ቃል ከመጀመራቸው በፊት ትንፋሽ ሲወስዱ ልጅቱ ትከሻቸውን እያየች ደጋኗን አንሥታ ትጠብቃቸው ነበር። እኔ ከፊቷ ስለምቀመጥ አውቀዋለሁ። ኪቦርድ የሚመታው ወንድማችን ደግሞ ጣቶቹን ያይ ነበር። ስለዚህ መዘምራኑ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጠራቸው። ሕዝቡ ይህን አላወቀም፤ እጅግም አጨበጨበ። ሽማግሌውም ሲወጡ እጄን ጨብጠው «አየህ?» አሉኝ።

ለሦስተኛው ኮንሰርት መሪያችን ቪቫልዲ ከደረሰው «ግሎሪያ» የመጀመሪያውን ክፍል መረጠ። ቪቫልዲ በቬኒስ ከተማ ወላጅ የሌላቸው ልጆች በሚያድጉበት ፒዬታ በሚባል ቤት እ. ኤ. አ. ከ1703 ጀምሮ ቫዮሊን ያስተምር ነበር፤ ይህንንም የደረሰው ለዚያ ቤት ልጃገረዶች ነው። ጽሑፉ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ተረስቶ ኖሮ በ1939 በሲዬና ከተማ እንደ ገና ተሰማ። ወላጅ አልባ ልጆች ለሙዚቃ ያደረጉት ነገር በአገራችንም የታወቀ ነው። ከአርመኖች እልቂት የተረፉት «አርባ ልጆች» እ. ኤ. አ. በ1924 በራስ ተፈሪ አማካይነት ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ መጥተው የመንግሥት የማርሽ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የአገራችንን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን የሚከፍትልን የጥበቃ ሠራተኛው ልጅ ነበር። ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን መሪያችን ሴሎውን ከጥግ አውጥቶ አስያዘው። ልጁ ተቀምጦ ሲታይ ሴሎው እርሱን የያዘው ይመስል ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ጣት ሳያስነካ ባዶውን አውታር ብቻ በጥሩ ድምፅ መምታት ቻለ። የሴሎ አውታሮች ዶ፥ ሶል፥ ሬ፥ ላ ናቸው። ግሎሪያው ደግሞ በሬ ሜጀር የተጻፈ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለጉት ሬና ላ ናቸው። መሪያችን እነዚህን ሁለቱን በቀይ እስክሪፕቶ አከበበለት፤ የቀረውን ኪቦርዱ እንዲሞላው ተስማማን።

ኮንሰርቱ ሰኔ 1 ቀን፥ የጰራቅሊጦስ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰማዩ ጠቍሮ ነበረ። ግሎሪያውን ጀምረን መዘምራኑ እንደ ገቡ ነጐድጓድ ሆነ፤ መብራቱም ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም አለ፤ ከሥራችን ወለሉ የተነሣ መሰለኝ። የመሪያችን እጅ ግን አላቆመም። በዚያን ጊዜ ከግራዬ በኩል አንድ ሬ ተሰማ። ቀጥሎም ሬ፤ ከዚያም ላ። ልጁ በቀይ የተከበበለትን እየጠበቀ ይመታ ነበር። ያልተከበበው ሲመጣ ደጋኑን አንሥቶ ዝም ይላል፤ በዚያም ላይ ጐድጓዳ ባዶነት ይሰማ ነበር። ጥቂት ቈይቶ ባስ የሚዘምሩት ወንዶች ክፍላቸው ባይሆንም ባዶውን ቦታ በድምፃቸው መሙላት ጀመሩ። ከሕዝቡም አንዱ የስልኩን መብራት አበራ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ ኖታውንም ማየት ቻልን። ውብ ነበር ልል አልችልም። ቪዮላዎቹ አንድ ጊዜ ጠፍተው ነበር፤ እኔም ድምፄ ሲሰማ ፈራሁ። ሆኖም ሳናቋርጥ እስከ መጨረሻው ደረስን፤ መዘምራኑም ትንፋሽ አላጠራቸውም።

ካለቀ በኋላ ሽማግሌው ወደ ፊት መጥተው የልጁን ራስ ዳሰሱት። እኔንም ቀና ብለው አዩና «ጀነሬተር መግዛት አለብን» አሉኝ።

ስለ ጀነሬተሩ ገና በመመካከር ላይ ናቸው። ልጁ አሁን የመጀመሪያውን ጣት ማስቀመጥ ጀምሯል፤ ስለዚህ ለገናው ሚንና ሲን ይጨምርልናል። ከቪዮላዎቹ አንዷ ግን ሥራዋ ወደ ክፍለ ሀገር ስለ ተዛወረ ቦታዋ ባዶ ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ቪዮላ ለመማር የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር መሣሪያው አለ፤ ገንዘብም አይከፈልበትም። ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በፊት በዕረፍት ሰዓት እኔን ቢፈልገኝ ይዤው እሄዳለሁ።