ውፍረትን ለመቀነስ ምክር ይሻላል ወይስ መድኃኒት?

ከገጠር የሚመጣ ዘመድ እኛን የጠመንጃ ያዥን ሰዎች ወፍረን ሲያገኘን «ተመችቷችኋል፣ አምሮባችኋል» ይለናል። እኛም ደስ ይለናል። ገበሬ ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ገበያ በእግሩ ሲሄድ ይውላል። እኛ ግን ሜክሲኮ ለመድረስ እንኳ ታክሲ እንጠብቃለን። ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ ለስላሳውም ይበዛል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደግሞ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያመጣል።

አንዲት ጎረቤታችን ለደም ግፊት ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመቻቸው፤ 92 ኪሎ ሆኑ። «እትዬ፣ ኪሎዎ ቢቀንስ ግፊቱም ይረግብልዎታል። ስኳር ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ በወሩ መጥተው ይመዘኑ» አለቻቸው። ይኸው ነው። ልጃቸው ግን «ይኸ ምን ምክር ነው? የሚያከሳ መድኃኒት እያለ!» አለ። ቡና ላይ ተከራከርን።

ምክር ትንሽም ቢሆን ይሠራል። እንግሊዝ አገር ሐኪሞች ለሌላ ሕመም የመጡ 1882 ወፍራም ሰዎችን ለ30 ሴኮንድ ያህል መከሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። «ቢቀንሱ ይበጅዎታል» ብቻ የተባሉት በዓመቱ በአማካይ 1 ኪሎ ቀነሱ። በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ የሚረዳዱበት ቦታ እንዲሄዱ የተጋበዙት 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ቀነሱ። በምክሩ የተቀየመ ከመቶ አንድ አይሞላም። እኛ ብዙ ሰው ይቀየማል ብለን ነበር!

መድኃኒቱ ሴማግሉታይድ ይባላል። በሳምንት አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ነው፤ ረሃብን ያስታግሣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ መርፌውን ከምክር ጋር ያገኙት በ68 ሳምንት ከክብደታቸው ከመቶ 15 እጅ ያህል ቀነሱ። ከምክር ጋር መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት ከመቶ 2 ተኩል እጅ እንኳ አልቀነሱም። እንግዲህ መርፌው በጣም ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ካቆሙት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሦስት እጅ ሁለቱ ተመለሰባቸው። ያቅለሸልሻል፤ ዋጋውም ውድ ነው።

ልጁ ያሰበው ግን ይህን መርፌ አልነበረም። ከሰው እጅ የሚገዛ፣ ስሙ የማይታወቅ ክኒን ነው። በሐኪም የሚታዘዘው እንኳ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ፌንፍሉራሚን የሚባል የሚያከሳ ክኒን የልብን መዝጊያ ሲጎዳ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ወጥቷል። ይህን ስንነግረው ልጁ ክኒኑን ተወው። እናቱም በወሩ ለመመዘን ሲሄዱ ስለ መርፌው ሐኪሙን እንዲጠይቁ ተስማማን።