ሙሽራ ማስዋብ መተዳደሪያዬ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ሙሽሮችን እያስዋብኩ እተዳደራለሁ። በጎጃም ገጠር እናቶቻችን የእንሶስላን ሥር ወቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀሉበታል፤ ሒና ደግሞ ከቅጠል ይገኛል። የሁለቱም ቀለም ወደ ቀይ ያደላል። አሁን ግን «ጥቁር ሒና» የሚሉት መጥቷል። ሒና በተፈጥሮው ጥቁር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያጠቁረው የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ነው። ይህም ቆዳን ሊያቆስልና ጠባሳ ሊተው ይችላል። ሌላ ቦታ ተቀብታ እጇ ውሃ የቋጠረባት አንዲት ሙሽራ፣ በሠርጓ ሰሞን እጇን ከሻሿ ሥር ስትደብቅ አይቻለሁ። ስለዚህ «ጥቁሩን ቀቢኝ» የምትለኝን ደንበኛ አስረድቼ እምቢ እላለሁ። የዕለቱ ገንዘብ ይቀርብኛል። ነገር ግን ከሠርጓ በኋላ እጇን ሳታፍር የምትዘረጋ ሙሽራ እህቷን ይዛልኝ ትመጣለች። የሥራዬ መሠረት ይኸው ነው።