ሁለተኛ የሚወጣ ሰው

የትምህርት ቤታችን መጽሔት በየዓመቱ ሲታተም ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ አሸናፊዎች ነው። አንደኛ የወጣው ተማሪ ፎቶግራፍ ይወጣል፤ ዋንጫ ያገኘው ቡድን ይመሰገናል፤ ይህም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ የመጻፍ ዕድል ስለ ደረሰኝ፣ ፎቶግራፉ ስለማይወጣለት ስለ ሁለተኛው ሰው ጥቂት ልናገር አሰብሁ። ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ስሜ ነው። ሌላው ደግሞ ባለፈው ዓመት በልቤ ያደረብኝና እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር ነው።

ስሜ ስለሺ ነው። የተወለድሁት በ2000 ዓ.ም. በነሐሴ ወር እዚሁ ፓዌ ነው። አባቴ በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት ገና ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ ጋር ከወሎ የመጣ ገበሬ ሲሆን፣ ሩጫ መመልከት እጅግ ይወዳል። በዚያ ሳምንት በቤጂንግ ከተማ የኦሊምፒክ ጨዋታ ይደረግ ስለ ነበረ፣ ነሐሴ 11 ቀን ወደ ማታ ቴሌቪዥን ወዳለበት ሻይ ቤት ሄዶ የ10 ሺህ ሜትሩን ሩጫ ተመለከተ። ቀነኒሳ በቀለ በ27 ደቂቃ ከ1.17 ሰከንድ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሰብሮ አንደኛ ወጣ። ስለሺ ስህን በ27 ደቂቃ ከ2.77 ሰከንድ ሁለተኛ ሆነ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ሻይ ቤቱ የተናወጠው በቀነኒሳ ስም ነበር።

እኔ በሦስተኛው ቀን በተወለድሁ ጊዜ ጎረቤቶቻችን ሁሉ «ቀነኒሳ በሉት» ብለው መከሩ። አባቴ ግን ስለሺ ብሎ ሰየመኝ። ነፍስ ካወቅሁ በኋላ «አባባ፣ ስለ ምን በተሸነፈው ሰው ስም ጠራኸኝ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለቀነኒሳማ ስም የሚያወጣለት ሞልቷል፤ ለዚያኛው ማን ያውጣለት?» ብሎ መለሰልኝ። በዚያን ጊዜ ይህ መልስ ፈጽሞ አላረካኝም።

ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነው? ስለሺ ስህን የሸኖ ሰው ነው። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ቀነኒሳ አንደኛ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሁለተኛ፣ ስለሺ ሦስተኛ ሆነው ሦስቱም ሜዳሊያዎች ለኢትዮጵያ ገቡ። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ በዚሁ ርቀት ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ። በ1997 ዓ.ም. በሄልሲንኪ እንደ ገና ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ ሆኑ፤ በመካከላቸው የነበረው የአንድ ሰከንድ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። በዚያው ሻምፒዮና በ5 ሺህ ሜትር ቀነኒሳ ሳይሮጥ ቀረ፤ ታዲያ አሁን ተራው የስለሺ ነው ሲባል ቤንጃሚን ሊሞ የተባለው ኬንያዊ በሩብ ሰከንድ ያህል ቀደመው። በ1999 ዓ.ም. በኦሳካም ሁለተኛ ሆነ። ከዚያ የቤጂንጉ ተከተለ። እንግዲህ ሲቆጠር ከኦሊምፒክ ሁለት ብር፣ ከዓለም ሻምፒዮና ሦስት ብርና አንድ ነሐስ ይሆናል። ወርቅ ግን የለም።

አንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ሰነፍ ነው፤ መጨረሻው ላይ ልቡ ይከዳዋል» ይል ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ ነበር። ነገር ግን ስለሺ በግንቦት 1996 ዓ.ም. በሆላንድ አገር 10 ሺህ ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ39.69 ሰከንድ ሮጧል። ይህ ሰዓት ኃይሌ በ1987 ዓ.ም. የዓለም ክብረ ወሰን ብሎ ካስመዘገበው ከ26 ደቂቃ ከ43.53 ሰከንድ ይፈጥናል። ይኸውም ስለሺ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ያን ሰዓት ቢሮጥ ኖሮ ከእርሱ የሚፈጥን በዓለም አይገኝም ነበር ማለት ነው። የገጠመው ግን ቀነኒሳ ነው። ቀነኒሳ በ1997 ዓ.ም. ያስመዘገበው የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን፣ የዩጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ እስኪሰብረው ድረስ 15 ዓመት ቆይቷል። ስለሺን የቀደመው ስንፍናው ሳይሆን እንዲህ ያለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ቤታችን በ5 ሺህ ሜትር እሮጣለሁ። የፓዌ ሙቀት ለሩጫ የማይመች ስለ ሆነ፣ ልምምድ የምናደርገው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሁልጊዜ አብሮኝ የሚሮጥ አንድ ጓደኛ አለኝ። ከበለስ ወንዝ ማዶ ካለ መንደር በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር፣ ዝምተኛና ረጅም ልጅ ነው። በውድድር ሁሉ እርሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ እንወጣለን። ስሜ ስለሺ በመሆኑ ደግሞ ለክፍሌ ልጆች ጥሩ ቀልድ ሆነላቸው፤ እንደ ነገሥታቱ «ዳግማዊ ስለሺ» ብለው ሾሙኝ። ከሌሎቹ ጋር አብሬ እስቃለሁ። ማታ ግን ቤት ገብቼ እበሳጫለሁ።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር የውድድሩ ቀን ደርሶ ሜዳ ላይ ተሰልፈን ሳለ፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን መጥተው ጓደኛዬን ወባ እንደ ያዘውና እንደማይመጣ ነገሩን። አንባቢ ሆይ፤ በዚህች ደቂቃ ልቤ ደስ አለው። ወባ ምን እንደ ሆነ የማላውቅ ልጅ አይደለሁም። እናቴ ሁለት ጊዜ፣ እኔም ራሴ ብዙ ጊዜ ተኝተንበታል፤ ብርዱንም፣ ቃዠቱንም፣ የአፍ ምሬቱንም አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ግን ወዳጄ ስለ ታመመ ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የታዘብሁበት ጊዜ የለም። የታዘብሁት ግን ኋላ ነው፤ በጊዜው እንዲያውም እግሬ ቀለለኝ።

ሮጥሁ፤ አንደኛም ወጣሁ። መምህራችን በእጅ ሰዓታቸው 16 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ መዘገቡልኝ። ሽልማቱ አንድ ደርዘን ደብተር ነበር። ደብተሩን ተሸክሜ እየሮጥሁ ቤት ገባሁና ለአባቴ «አንደኛ ወጣሁ!» አልሁት። አባቴ መጀመሪያ ደስ ብሎት ሳመኝ። ቀጥሎ «ያ ልጅስ?» አለኝ። «ታሞ ቀረ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «ታዲያ ማንን ቀደምህ?» አለኝና የማሾ ከረጢቱን መስፋት ቀጠለ።

ያን ማታ እራት ስንበላ፣ እኔን ሳይመለከት የአቴንሱን ሩጫ አወራልን። በዚያ ሩጫ ኃይሌ በእግሩ ሕመም ምክንያት ከፊተኞቹ እየራቀ ሄደ። ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ ዞር እያሉ እየተመለከቱ ይደርስባቸው ዘንድ ሩጫቸውን ቀዝቀዝ አደረጉት። ኃይሌ ግን ሊደርስባቸው ስላልቻለ በመጨረሻ ሁለቱ ጥለው ሄዱ፤ እርሱም አምስተኛ ሆነ። «ስለሺ ወርቅ አላገኘም ነበር» አለ አባቴ፤ «የዚያን ቀን ኃይሌ ቢመጣ አንድ ተቀናቃኝ ይጨመርበት ነበር። ነገር ግን ዞሮ ተመለከተ።» እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ።

በማግሥቱ ስድስቱን ደብተሮች ይዤ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድሁ። ጋቢ ተከናንቦ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ደብተሮቹን ከሰጠሁት በኋላ፣ በመታመሙ ደስ ብሎኝ እንደ ነበረ ሳልሸሽግ ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠኝም። ይቆጣኛል ብዬ ስጠባበቅ «በስንት ገባህ?» አለኝ። ሰዓቴን ነገርሁት። «እኔ ሳለሁ ከዚህ ይበልጥ ትሮጣለህ» አለኝና ጋቢውን አስተካክሎ ዝም አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

እውነትም እንዳለው ሆነ። በየካቲት ወር ወደ አሶሳ ለክልል ውድድር የሚሄደውን አንድ ሯጭ ለመምረጥ እንደ ገና ሮጥን። ጓደኛዬ ድኖ ነበር። እስከ መጨረሻው ዙር ትከሻ ለትከሻ ሄድን፤ እንዲያውም በመዞሪያው ላይ ቀድሜው ነበር። በመጨረሻ ግን አለፈኝ። እርሱ በ16 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ፣ እኔ በ16 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገባን። እንግዲህ አንደኛ በወጣሁበት ቀን ከሮጥሁት፣ ሁለተኛ በወጣሁበት ቀን የሮጥሁት በ34 ሰከንድ ይበልጣል። ይህን ሒሳብ በደብተሬ ላይ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም መልሱ አንድ ነው።

አዝኛለሁ። አላዘንሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አሶሳን አይቼ አላውቅምና ለመሄድ እጅግ ጓጉቼ ነበር። ጓደኛዬ ሲሄድ ግን የእርሱ ጫማ የተቀደደ ስለ ነበረ የእኔን አዋስሁት፤ ቁጥራችን አንድ ነው። ስለዚህ ጫማዬ አሶሳን አየ፤ እኔ እስካሁን አላየሁም። ሲመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄጄ ተቀበልሁት። «እንዴት ሆንህ?» ብለው ሳቀና «ሁለተኛ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤታችን ሁለት ዳግማውያን አለን።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ደረጃ ከአጠገብህ በቆመው ሰው ይለካል፤ በአንድ ስፍራ አንደኛ የሆነው በሌላው ስፍራ ሁለተኛ ነው። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ወር በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ሲቀድመው አገራችን በደስታ እንደ ሰከረ አባቴ ነግሮኛል። ቴርጋትም እንደ ስለሺ በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ብር አግኝቶ ወርቅ ያላገኘ ሰው ነው። እርሱን የመሰለ ብርቱ ሰው ባይከተለው ኖሮ፣ ኃይሌ ያን ቀን እንደዚያ ይሮጥ ነበር ወይ? እኔ እንደሚመስለኝ አይሮጥም። ጓደኛዬ በሌለበት ቀን እኔ እንዳልሮጥሁ ሁሉ።

ውድ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ በፈተናም ሆነ በሜዳ የሚቀድማችሁን ሰው ውድቀት አትመኙ። ቢወድቅ አንደኛ ትወጡ ይሆናል፤ ነገር ግን አብራችሁ ታንሳላችሁ። የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጃችሁ ከውድድር ሲመለስ ስንተኛ ወጣህ ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ነገር ግን አስቀድማችሁ በስንት ገባህ በሉት።

እኔ ዘንድሮም እሮጣለሁ። ጓደኛዬም አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነው። ላሸንፈው እፈልጋለሁ፤ ይህን ለራሱም ነግሬዋለሁ። የምቀድመው ከሆነ ግን፣ እርሱ ሜዳው ላይ ባለበት ቀን ይሁን።