ሰዎቹስ የት አሉ?

የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት በ13 ዓመቴ ነው።

ሳቁ፣ ችግር የለም። ኮሮላ ነበረች። ጥቁር ሰማያዊ። ከሆዷ ሥር ሰማያዊ መብራት የምትረጭ፣ ከኋላዋ ክንፍ የተተከለላት፣ ማርሚታዋ ሲያጓራ የጎረቤት ውሻ የሚያስበረግግ። ዋጋዋንም ሳንቲም ሳልስት እነግራችኋለሁ፤ ለአንድ ውድድር አንድ ብር። ግማሹ ከዳቦ መልስ፣ ግማሹ ደግሞ… ተዉት፣ እናቴ ይቺን ጽሑፍ ታነባት ይሆናል።

አዎ፣ የማወራው ስለ ጌም ነው። «ኒድ ፎር ስፒድ አንደርግራውንድ 2»። የዘመኑ ልጅ የሆናችሁ ስሙን ስጠራው ብቻ ጣታችሁ ጆይስቲክ ፍለጋ እንደተንቀሳቀሰ አውቃለሁ።

ጊዜው የ1998 ዓ.ም. ክረምት፤ ቦታው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ። ጌም ቤታችን ከአንድ ግቢ አጥር ጋር ተለጥፋ የተሠራች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይውጠዋል። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ አግዳሚ፤ አግዳሚው ላይ ደግሞ ትርፍ የጫነ ታክሲ የሚመስል የልጅ መዓት። አንደኛው ቴሌቪዥን የኳስ ነው። እሱን አንነካውም። የኳስ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ደግሞም ይማታሉ። ሁለተኛው ላይ ግን እኛ የመኪና ልጆች ነገሥን።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። «ኒድ ፎር ስፒድ» እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የነበረ ጌም ነው። ድሮ የሚነዳበት ፌራሪና ላምበርጊኒ ነበር። በ2003 ቫንኩቨር፣ ካናዳ የነበረው ኢኤ ብላክ ቦክስ «አንደርግራውንድ»ን ሲያወጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፌራሪ የለ፣ ላምበርጊኒ የለ። በምትካቸው ሲቪክ፣ ጎልፍ፣ ፔጆ 206… ማንም ጎረቤት ደጅ ቆመው የሚያድሩ መኪኖች! በ2001 የወጣው «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ፊልም ተራ መኪናን አስጊጦ የመንዳት ፍቅር ለኩሶ ስለነበር ጌሙም በዚያው እሳት ሞቀ። በኅዳር 2004 ሁለተኛው ክፍል መጣ፤ ቤይቪው የምትባል እንዳሻችሁ የምትዞሩባት ሙሉ ከተማ ይዞ። ውድድሩንም፣ ጋራዡንም፣ ቀለም ቤቱንም ራሳችሁ እየነዳችሁ ትፈልጋላችሁ።

አሁን ይሄ ለዶሮ ማነቂያ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ፌራሪ የሰው ነው። እንኳን ልነዳው ቆሞም አይቼው አላውቅም። ቤይቪው ውስጥ ያለችው ኮሮላ ግን በ1980ዎቹ የተሠራች፣ እኛ ዲኤክስ እያልን የምንጠራት መኪና የሥጋ ዘመድ ናት! ያቺ ስድስት ሰው ጭና ዳገት የምታለቅሰዋ። እሷን ወስደው መብራት ሲያለብሷት፣ ከአዲስ ስካይላይን ጋር ሲያሽቀዳድሟት… እናንተዬ፣ የሰፈራችን ልጅ በቴሌቪዥን የቀረበ ነው የመሰለን።

ዋናው ነገር ደግሞ ሩጫው አልነበረም። ማስጌጡ ነበር። መከላከያውን ትቀይራለህ፣ ኮፈኑን ትቀይራለህ፣ ስፖኪዮውን ትቀይራለህ። ፖርታባጋሊዮው ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ትደረድራለህ። መኪናህ ባማረች ቁጥር ኮከብ ይጨመርልሃል፤ ኮከብህ ሲበዛ መጽሔት ሽፋን ላይ ትወጣለህ። የጌሙ እንግሊዝኛ የማይገባን ልጆች ነበርን፤ ግን ችግር አልነበረብንም። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። «ይሄ ቸርኬ ነው፣ ያ ማርሚታ ነው፣ ይቺ ፍሪሲዮን ናት» እላለሁ። እንግሊዝኛ ስለምችል እንዳይመስላችሁ። አባቴ የላዳ ታክሲ ሹፌር ስለነበረ ነው። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የመኪና ቋንቋ በሙሉ ከአባቴ ላዳ ሥር ተኝቼ ነው የተማርኩት።

አንድ መከራ ብቻ ነበረብን፤ ሚሞሪ ካርድ። ለቤቱ ያለችው አንዲት ካርድ ናት። ሳምንት ሙሉ ብርህን አፍስሰህ ያስጌጥካትን መኪና አንዱ እብድ መጥቶ ሮዝ ቀለም ቀብቶ፣ ሴቭ አድርጎ ይሄዳል። ስንት ጓደኝነት በዚህ ፈርሷል! እኔ ራሴ ከአንድ ጀለሴ ጋር በሮዝ ኮሮላ ምክንያት ሁለት ሳምንት ተኮራርፈናል። (ይሄን ልጅ ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።)

*

አባቴ ጌም ቤት የመጣው አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው።

አባት ጌም ቤት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መጀመሪያ በሩ ላይ ጥላ ይታያል። ቀጥሎ ኳስ ተጫዋቾቹ ዝም ይላሉ። ከዚያ የአንዱ ጆሮ ይረዝማል። እኔ ደግሞ መሀል ውድድር ላይ ነበርኩ። ማቆም ፈራሁ፣ መቀጠልም ፈራሁ። ጆሮዬን አዘጋጅቼ ቀጠልኩ።

አባቴ ግን ቆሞ ማየት ጀመረ።

«ይቺ ኮሮላ አይደለችም እንዴ?» አለ።

ከነክንፏ፣ ከነመብራቷ አወቃት! በመብራቷ ቅርፅ ነው መሰለኝ። «ናት» አልኩት። «ማርሚታዋን ምን አድርጋችሁት ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ አደፋፈረኝና የማሳየው ነገር ሁሉ ተግተለተለ፤ ቸርኬዋን፣ መብራቷን፣ ቀለሟን። ወደ ጋራዥ አስገብቼ አዟዟርኩለት። ከልቡ ነበር የሚያየው። ለነገሩ እሱም የራሱ ቤይቪው ነበረው፤ የላዳው ዳሽቦርድ ቀይ ጸጉራም ጨርቅ ለብሷል፣ ከመስታወቱ የማርያም ሥዕል ተንጠልጥሏል፣ የማርሹ ራስ ላይ ከየት እንዳመጣው የማላውቀው የብርጭቆ እንቁላል ተገጥሟል። ሹፌር ሆኖ መኪናውን የማያስጌጥ ማን አለ? የሰው ልጅ ረጅም ሰዓት የሚውልበትን ነገር የራሱ ማድረግ ይፈልጋል።

ከዚያ ወደ መንገዱ መለስኳት። ነዳጅ መስጫውን ረገጥኩ። ቤይቪው ሁልጊዜ ሌሊት ናት፤ አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ የመብራቱ ነጸብራቅ በመስመር በመስመር ይፈስሳል። በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መስቀለኛውን አለፍኩ። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየና፣

«ሰዎቹስ የት አሉ?» አለ።

«እ?»

«ሰዎቹ። የሚሻገሩት።»

ጌሙን ስንት ወር ተጫውቼ አላስተዋልኩትም ነበር። ቤይቪው ውስጥ መንገድ የሚሻገር ሰው የለም። ሕንፃው መብራት በመብራት ነው፣ መኪና ይመጣል ይሄዳል፤ እግረኛ ግን የለም። ግድግዳ ብትገጭም መኪናህ ጭረት አይታይባትም። «ድራግ» የሚባለው ውድድር ላይ ብቻ ነው በኃይል ከተጋጨህ የሚያበቃልህ፤ እሱም ቢሆን እንደገና መጀመር ነው። ባቲላሜራ ሠሪ ቤይቪው ቢሄድ በረሃብ ይሞታል።

«ጌም እኮ ነው አባዬ» አልኩት።

«እሱማ ጌም ነው» አለና ጆሮዬን ሳይነካ ይዞኝ ወጣ።

ወደ ቤት በላዳው ስንሄድ አንዲት ኩርባ አለች። ማንም አልነበረባትም። አባቴ ግን ፍሬን ይዞ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ እንደሚለምን ሰው ቀስ ብሎ ታጠፈ። ኩርባውን እንዳለፍን ከአንድ በር ኳስ ዘላ ወጣች፤ ከኳሷ ኋላ ደግሞ ልጅ።

«እዚች ጋ ሁሌ ልጅ አለ» አለ አባቴ፤ አየሩ ቀዝቅዟል በሚል ሰው ድምፅ። ሌላ ምክር አልተናገረም። እኔም ሌላ ነገር አልሰማሁም፤ በሐሳቤ ገና ቤይቪው ነበርኩ።

*

አሁን ያንን ሮዝ ቀለም የቀባብኝን ጀለሴን አምጡልኝ።

በ2007 ዓ.ም. ሁለታችንም ሰው ሆነን፣ መንጃ ፈቃድ አውጥተን ነበር። እሱ እውነተኛ ኮሮላ ነበረችው፤ ያጎቱ። ሱማሌ ተራ እየተመላለሰ ቸርኬዋን ቀየረ፣ ሞላዋን አሳጥሮ ዝቅ አደረጋት፣ ከሆዷ ሥር ሰማያዊ መብራት አሰረላት። አንድ ማታ መጥቶ ሲያሳየኝ ዕንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ቁልፉን ወረወረልኝ። «ንዳት» አለኝ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቀለበት መንገድ ገባን። አጠገባችን አንዲት ነጭ ቪትዝ መጣች፤ ውስጧ እንደኛው ሁለት ወጣቶች። ማንም አልተነጋገረም። እነሱ ረገጡ፣ እኔም ረገጥኩ። ዘንቦ አባርቷል። አስፋልቱ ያበራል። 100… 110… 120። ጀለሴ የጌሙን ሙዚቃ በአፉ እየመታ ነው። እየሳቅኩ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ደስ ያለኝ ጊዜ ትንሽ ነው።

ሰውዬው ከመሀል አጥሩ ላይ ዘሎ ወረደ።

ጆንያ ተሸክሟል። ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ረገጥኩት፤ ኮሮላዋ ጎኗን ሰጥታ ተንሸራተተች። በጌሙ «ድሪፍት» ይባላል፤ ነጥብ ያሰጣል። በዚያ ሰዓት ግን ስሙን አላስታወስኩትም። ስትቆም በሰውዬውና በመከላከያው መካከል አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። ከታች ያለው መብራት እግሩን ሰማያዊ አድርጎታል። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማው መሀል መንገድ ቀርቷል።

ሰውዬው አየን። ሄዶ ጫማውን አነሣ። ጆንያውን አስተካከለ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና፣

«ይቅርታ» አለን።

እሱ! እኛን!

ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆምን። ጀለሴ ከመኪናው ወርዶ መብራቱን በእጁ በጠሰው። እኔ የጮኸብኝ የአባቴ ጥያቄ ነበር። ሰዎቹማ እዚህ ነበሩ። ከሥራ ውለው፣ ታክሲ አጥተው፣ ድልድዩ ርቋቸው፣ ጆንያቸውን ተሸክመው እየተሻገሩ ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች መሆናቸውን ለመንጃ ፈቃድ ስማር በጆሮዬ ሰምቼ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። አልገባኝም ነበር እንጂ።

ለአባቴ አልነገርኩትም። በነጋታው ጠዋት ላዳውን አጠብኩለት። «ምን አጥፍተህ ነው?» አለኝ። ከሹፌር ምንም አይደበቅም።

*

ይህን ሁሉ የምተርከው መኪና አታስጊጡ ለማለት አይደለም። አስጊጡ! ኮሮላን እንደ ሙሽራ ማስዋብ ያስተማረኝን ጌም ዛሬም እወደዋለሁ፤ ላፕቶፔ ላይ ጭኜዋለሁ፣ አልፎ አልፎም እነዳለሁ። ጌሙ ያልሰጠኝን ግን አባቴ ነው የሰጠኝ፤ ባዶ በሚመስል ኩርባ ላይ ልጅ እንዳለ አድርጎ መታጠፍን።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል። ክርክሩን ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ ባለፈው ሳምንት ማታ በዚያ አለፍኩ። መንገዱ ሰፊ ነው። ዘንቦ ስለነበር አስፋልቱ ያብለጨልጫል፤ መብራቱ በመስመር በመስመር ይፈስሳል። ጌም ቤቷ የነበረችበትን ቦታ በግምት ካልሆነ አላገኘሁትም። እናቴና አባቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ የኳስ ልጆቹ የት የት እንደተበተኑ አላውቅም።

አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ኩርባዋ የነበረችበት የመሰለኝ ቦታ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ፣ ሁለተኛ አስገባሁ። ማንም አልወጣም።

አባቴ በመስኮቱ እያየ ነበር። ምን ሊል እንደሆነ ከመናገሩ በፊት አውቄዋለሁ።