ነፋስን ፊት ለፊት

በልጅነቴ ዘመን በባሕር ዳር፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከጣና ወደ ምድር መንፈስ ሲጀምርና ጠዋት እንደ ረጋ ወተት ጸጥ ብሎ የነበረው ውሃ መልኩን ለውጦ ዳርቻውን መደብደብ ሲይዝ፣ እኛ ብላቴኖቹ መንጠቋችንን ጠቅልለን ወደየቤታችን ስንገሰግስ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነጠላቸውን በወገባቸው ታጥቀው ወደዚያው ወደሚናወጠው ውሃ ይወርዱ ነበር። ሁላችንም አባባ እንላቸው ነበር፤ በእውነትም ለእኔ አባትም መምህርም ሆኑኝ።

የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጡኝ በጥያቄ ነው። አንድ ቀን ነፋሱ ከጀርባዬ እንዲሆንልኝ፣ ገመዱም ያለ ድካም እንዲርቅልኝ ብዬ ድንጋዩን ዞሬ ጸጥ ወዳለው ጥግ ስሄድ አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ለዓሣው ገበታ የሚያቀርብለት ማን ነው?» አሉኝ። መልስ ባጣሁ ጊዜ፣ «ነፋሱ ነዋ! ገበታው ወደዚህ ሲመጣ አንተ ወዴት ትሸሻለህ?» ብለው ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ሐይቆች ጠባይ የተጻፈውን ሳነብ፣ ሽማግሌው ፊደል ሳይቈጥሩ የደረሱበትን ነገር ሊቃውንቱም ሲመሰክሩለት አገኘሁ፤ ነፋስ የላይኛውን ውሃ በላዩ ከሚንሳፈፉት ደቃቅ ፍጥረታት ጋር እየገፋ ፊት ለፊቱ ባለው ዳርቻ ያከማቻል፣ ማዕበሉም ሲሰበር አየርን ከውሃ ጋር ያዋሕዳል፣ ጭቃውንም ቀስቅሶ በውስጡ የተሸሸጉትን ትሎች ያወጣል። ጣና ደግሞ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ሐይቅ ስለ ሆነ፣ ብርቱ ነፋስ በመጣበት ጊዜ ቶሎ ይደፈርሳል። በደፈረሰውም ውሃ፣ ከዓይኑ ይልቅ በአፉ ዙሪያ ያሉትን ስምንት ሪዞቹን አምኖ የሚኖረው አምባዛ፣ የአጥማጁ ጥላ ሳያስፈራው እስከ ዳር ይቀርባል።

ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ግን እጃቸው ነው። የገመዱን እርሳስ ከወትሮው ያከብዱታል፤ ነፋሱ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ይታገሡና፣ ወደ ላይ ሳያጎኑት፣ ዝቅ አድርገው ከውሃው ገጽ በላይ ይወረውሩታል፤ ከዚያም ነፋሱ ገመዱን እንደ ቀስት እንዳያጎብጠው ቁጢጥ ብለው እጃቸውን እስከ ውሃው ያወርዱና ገመዱን በሌባ ጣታቸው ላይ ያሳርፉታል። ያንን ጣት ገመድ ለብዙ ዘመን ስላረሰው በመካከሉ ቀጭን ፈር ነበረበት። ማዕበል ገመዱን ይስባል፣ ይለቃል፤ ይስባል፣ ይለቃል፤ ሥርዓት አለው፤ ዓሣ ግን ያንን ሥርዓት ያፈርሳል። በማኅሌት ላይ ብዙ ጸናጽል በአንድነት ሲንሿሿ ከስፍራዋ የወጣችውን አንዲቱን ጸናጽል ለይቶ የሚሰማ መሪጌታ እንዳለ ሁሉ፣ እርሳቸውም በዚያ ሁሉ ሁከት መካከል ያችን አንዲት ንክኪ ለይተው ያውቁ ነበር። እኔ ሞገዱን ከዓሣው ለመለየት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ነፋስን ይወዱ እንጂ አይዳፈሩትም ነበር። በጐልማሳነታቸው በደንገል ታንኳ ሲሠሩ ከንጋት በፊት ወጥተው ነፋሱ ሳይነሣ የሚመለሱ ነበሩ፤ ደንገል ውሃ እየጠጣ የሚከብድ ስለ ሆነ፣ በማዕበል መካከል የቆየ ቀዛፊ ታንኳው ከሥሩ እየሰጠመችበት ይሄዳል። ደመናውን ተመልክተው «ዛሬ ውሃው አልፈቀደም» ካሉ፣ ቤታቸው ባዶ ቢሆንም እንኳ ታንኳቸውን ከደንጊያው ላይ አያነሡም ነበር።

በወንጌል፣ እንደ ጣና ጣፋጭ ውሃ ባለውና ድንገተኛ ነፋስ በሚያናውጠው በገሊላ ባሕር፣ መረብ ልማዱ የሆነው ሐዋርያው ጴጥሮስ አንድ ጊዜ መቃጥን እንዲጥልና በመጀመሪያ የሚወጣውን ዓሣ እንዲይዝ ታዝዟል። ይህን ምዕራፍ በሰማሁ ቁጥር ሽማግሌው ትዝ ይሉኛል፤ ለዕለቱ የሚበቃውን ካገኙ ነፋሱ ገና ሳይበርድ ገመዳቸውን ይጠቀልሉ ነበርና።

እንደ እኛ አቈጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገቡ። ብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ እንደ በላባቸው አልክድም፤ ነገር ግን በክረምት ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች የሚወጣውን፣ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኘውን የነጭ ዓሣ ወገን በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መጠበቅ፣ እናቲቱን ከነፅንሷ መውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ውስጥ ይህ ወደ ወንዝ የሚወጣ ወገን በሦስት አራተኛ ያህል መመናመኑን ተመራማሪዎች ጽፈዋል፤ ይህን ባነበብሁባት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወዳጆቼ ሆይ፣ አሁን ነፋሱ ሌላ ነገርም ይነዳል። ባለፈው ዓመት በፎገራ በኩል ወደ ዳርቻው ወርጄ፣ እንደ ተማርሁት ነፋሱ የሚመታውን ስፍራ ብመርጥ፣ ያ ገበታ ይከማችበት የነበረው ውሃ በእንቦጭ አረም ተሸፍኖ፣ ነፋሱ በነፈሰ ቁጥር አዲስ አረንጓዴ ክምር እየገፋ ሲጨምርበት አገኘሁት። እርሳስ የሚወድቅበት አንድ ክንድ ክፍት ውሃ አልነበረም። ከምሽቱ በፊት ነፋሱ አቅጣጫውን ቢለውጥ ክምሩ ጥቂት ፈቀቅ አለ፤ ቁጢጥ አልሁ፣ እጄን እስከ ውሃው አወረድሁ፣ ገመዱንም በጣቴ ላይ አሳረፍሁ። ይስባል፣ ይለቃል።