እስቲ አስተምረን

ሐዋሳ መናኸሪያ፣ አንዲት ሻይ ቤት ከአንድ ወንድማችን ጋር ተቀምጠናል። በእንሰት አጠውልግ በሽታ ላይ የዶክትሬት ጥናቱን ጨርሶ በሳምንቱ ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት ሊፈተን ነው። «እስቲ አስተምረን» አልነው። ግማሽ ሰዓት ተናገረ፤ ምንም አልገባንም። እኛም ያኔ ተወዳድረን የወደቅነው በዚሁ ነበርና ዝም ማለት አልሆነልንም።

እ.ኤ.አ. በ1976 በእርሻ ኮሌጅነት የተጀመረው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በዶክትሬት ያስመርቃል። ተመራቂው ሲበዛ ግን ዲግሪ ብቻውን አያስቀጥርም።

መድረሳ ሳለን ሸኻችን፣ ኪታብ በጨረስን ቁጥር «አሁን ለታናናሾቻችሁ አቅሩ» ይሉን ነበር።

ወንድማችን እንደገና ጀመረ፤ አሁን ከእናቱ ጓሮ፣ በሽታውን ከታመመው እንሰት ወደ ጤነኛው ከሚያሻግረው ቢላዋ። ሻይ የምታቀርበዋ ልጅ ቆማ አዳመጠችው።

ውድ ቤተሰቦች! በቤታችሁ እንዲህ ያለ ተማሪ ካለ፣ ፈተናው ሳይደርስ «እስቲ አስተምረን» በሉት።